ስሟ የጠፋው የአትክልት ቦታ ሐውልት

በአትክልት ቦታ መካከል የቆመ ሐውልት ስናይ ውበቱን አድንቀን እናልፋለን። የታሪክ ተማሪ ግን ሁለት ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ምስሉ የማን ነው? የቀረፀውስ ማን ነው? የሚሉት ናቸው። የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምክንያት ሆኖን በተዘጋጀው በዚህ መጽሔት፥ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ከእንግሊዝ አገር መርጠናል። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ2002 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለአትክልት ቦታ ጌጥ የሚሆኑ ሐውልቶች በጨረታ ሲሸጡ፥ ተጋድማ የምትታይ አንዲት የእብነ በረድ ሴት በ5,200 ፓውንድ ተሸጠች። ማን እንደ ሆነችና ማን እንደ ቀረፃት የሚነግር አልነበረም።

በእውነቱ ግን ሐውልቲቱ የታላቁ ኢጣልያዊ ቀራፂ የአንቶኒዮ ካኖቫ ሥራ ነበረች። ካኖቫ በ1757 ዓ.ም. ፖሳኞ በምትባል የሰሜን ኢጣልያ ትንሽ ከተማ ተወለደ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሎርድ ሊቨርፑል የማርያም መግደላዊትን ምስል እንዲሠራላቸው ባዘዙት ጊዜ፥ በ1819 ዓ.ም. ምስሉን በጀሶ አዘጋጀ፤ እብነ በረዱንም በ1822 ዓ.ም. ፈጸመ። በዚያው ዓመት እርሱ ራሱ ዐረፈ።

ሎርድ ሊቨርፑል ከሞቱ በኋላ ሐውልቲቱ ለወንድማቸው ተላለፈች። በ1852 ዓ.ም. ሎርድ ዋርድ ገዝተው ዊትሊ ኮርት በሚባለው ታላቅ ቤታቸው አኖሯት። በ1857 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ በተደረገው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ሕዝብ አያት። እስከዚህ ድረስ ስሟም የቀራፂዋም ስም የታወቀ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. ዊትሊ ኮርት ለአንድ የምንጣፍ ፋብሪካ ባለቤት ተሸጠ። በ1937 ዓ.ም. ቤቱ በእሳት ተቃጠለ፤ በማግስቱ ዓመትም ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ ሐውልቲቱ የካኖቫ ስም ሳይጠራላት ወጣች። የገዟት የሞት ቅጣት እንዲቀር አጥብቀው ይታገሉ የነበሩት ወይዘሮ ቫዮሌት ቫን ደር ኤልስት ናቸው። እርሳቸውም ቤታቸውን በ1959 ዓ.ም. ሸጡ። ከዚያ በኋላ ማርያም መግደላዊት በሎንዶን ከተማ አትክልት ውስጥ ዝናብና ጭጋግ እየተፈራረቀባት ብዙ ዓመታት ኖረች።

ታዲያ ማንነቷ እንዴት ተገኘ? ማስረጃው ከሁለት ወገን መጣ። አንደኛው የባለቤቶቿን ተራ ወደ ኋላ እየቈጠሩ መከተል ነው። ሁለተኛው በፖሳኞ ተጠብቆ የሚገኘው የጀሶ ምስል ነው። ካኖቫ አስቀድሞ በጭቃ ይሠራል፤ ከዚያም በሙሉ መጠን በጀሶ ያወጣል። በጀሶው ላይ ትንንሽ ሚስማሮች ይተከላሉ፤ ረዳቶቹ በሚስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት እየለኩ እብነ በረዱን ይጠርባሉ፤ የመጨረሻውን ማለስለስ ግን እርሱ ራሱ ይፈጽማል። ስለዚህ ጀሶው ለእብነ በረዱ እንደ ምስክር ይቈጠራል።

ግኝቱ በ2022 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፥ ሐውልቲቱ ከ5 እስከ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ልታወጣ ትችላለች ተብሎ ተገመተ። ዝቅተኛው ግምት እንኳ ከሃያ ዓመት በፊት ከተሸጠችበት ዋጋ ከ900 እጥፍ በላይ ነው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ የተጨመረለት ስም ብቻ ነው።

ሐውልቲቱን የሰረቃት ሌባ አልነበረም። ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ስሟን አብሮ ያስረከበ ሰው ስለ ጠፋ ብቻ፥ ከአንድ መቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የአትክልት ጌጥ ሆና ቀረች። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል ምክንያት የቆዩ ፎቶግራፎችን ከየሣጥኑ የምታወጡ ወንድሞችና እኅቶች፥ በፎቶግራፉ ውስጥ ያሉት እነማን እንደ ሆኑ፥ መቼና የት እንደ ተነሡ የሚያውቅ ሰው ሳለ ጠይቃችሁ በጀርባው እንድትጽፉ አደራ እንላለን።