ወርቃማዋ ጉርጥ ከዱር ጠፋች፤ የባሌዋስ?

ቲክቶክ ላይ ደማቅ ቢጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽዬ እንቁራሪት አይታችሁ ይሆናል። የፓናማ ወርቃማ እንቁራሪት ትባላለች። ስሟ እንቁራሪት ይሁን እንጂ በሳይንስ ምደባ ከጉርጥ ቤተሰብ ናት። ቀለሟ ደግሞ ለውበት ብቻ አይደለም፤ "መርዝ አለኝ፣ አትንኩኝ" ማለቷ ነው። ቆዳዋ ላይ ነርቭ የሚያጠቃ ኃይለኛ መርዝ አለ።

መርዙ ግን ከአንድ ጠላት አላዳናትም። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ ጨረሳት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ገደማ ወዲህ በዱር አልታየችም፤ ዛሬ ያሉት በሰው እጅ የሚራቡት ናቸው።

"እኛን ምን አገባን?" እንዳትሉ፤ ይኸው ፈንገስ ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል።

🐸 የባሌዋ ጉርጥ

ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ባሌ ተራሮች ላይ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለች ጉርጥ አለች። የሳይንስ ስሟ አልቲፍሪኖይደስ ማልኮልሚ ነው። በሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ስሟ የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች ላጠናው ማልኮልም ላርገን መታሰቢያ ነው።

እንደ ፓናማዋ አታብረቀርቅም። ቁመቷም መርካቶ ውስጥ ከምንቀባበለው ባለ አንድ ብር ሳንቲም ስፋት ብዙም አይበልጥም። የሚገርመው ግን አወላለዷ ነው። አብዛኞቹ ጉርጦች ውሃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ እንቁላሉም የሚዳብረው ከወጣ በኋላ ነው። የእሷ ግን ሆዷ ውስጥ እያለ ዳብሮ፣ እርጥብ መሬት ላይ ይጣላል። ብዙ እናቶች አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው የሚጥሉበት ጊዜም አለ።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መድቧታል። ዘመዷ አልቲፍሪኖይደስ ኦስጉዲ ደግሞ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አልታየችም። የደን ምንጣሮ፣ ልቅ ግጦሽና የማገዶ ለቀማ መኖሪያቸውን እያጠበበው ነው።

ፈንገሱስ እንዴት ይገድላል? እንቁራሪትና ጉርጥ ውሃና ጨው የሚያመጣጥኑት በቆዳቸው ነው። ኪትሪድ ቆዳቸውን ሲያበላሽ የሰውነታቸው ጨው ይዛባል፤ በመጨረሻ ልባቸው ቀጥ ይላል። ሰውን ግን አይዝም።

❓ ሰፈር ውስጥ የምናያቸው ጉርጦችስ?

👉 ጉርጥ መርዝ አይተፋም። ስትጨመቅ ወይም ስትነከስ ነው ከቆዳዋ እጢዎች ነጭ ፈሳሽ የሚወጣው።

👉 ኪንታሮት አታስይዝም። እሱ የሚመጣው ከቫይረስ ነው።

👉 ከነካችኋት ዓይንና አፋችሁን ሳትነኩ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

👉 ውሻችሁ ነክሷት አፉ አረፋ ከደፈቀ አፉን በውሃ አጥባችሁ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

👉 አትግደሏት። ትንኝና በረሮ የምትበላ ናት።

ባሌ የምትሄዱ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት የጫማችሁን ጭቃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ፈንገሱ በእርጥብ ጭቃ ይጓዛል። ጉርጧን ካገኛችኋት ሳታነሱ ፎቶ አንሷት።