አሞሌ፣ ጠገራና የባንክ ደብተር፦ የአንድ አገር የፋይናንስ ዕድገት በምን ይለካል?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የኢትዮጵያ የፋይናንስ ሥርዓት ከ50 ዓመት በፊት ከነበረው በስንት እጥፍ አድጓል? «የባንክ ቅርንጫፉ በዝቷል፣ አሁን በስልክ ገንዘብ ይላካል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን በስንት? እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እኛ ጋ አንድ መሣሪያ ቁጥር ስላሳየ ብቻ አይታመንም፤ መጀመሪያ «ምኑን ነው የሚለካው?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ቦንጋ እንሂድ።

የከፋ መንግሥት በ1897 (እዚህ ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) በራስ ወልደ ጊዮርጊስ በተመራው የምኒልክ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ። ከዚያ በፊት ቦንጋ ስሟ የታወቀ የንግድ ቦታ ነበረች። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከከፋ ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር። ባሪያ ተደርገው የሚሸጡ ሰዎችም እንደ ዕቃ አብረው ይቆጠሩ ነበር፤ ይህን ዘልሎ የከፋን የንግድ ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ወደ ከፋ ከሚገባው ውስጥ ደግሞ አንዱ አሞሌ ጨው ነው።

አሞሌ ከአፋር ረባዳ ሜዳ ተቆርጦ ስንት አገር አቋርጦ ይመጣል። በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ አንድ ጠገራ ብር ሰሜን ላይ ብዙ አሞሌ ሲገዛ እዚህ የሚገዛው ጥቂት ነው። አሞሌ ዝናብ ከነካው ይሟሟል፣ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ሲቸግርም ወጥ ውስጥ ይገባል። ጠገራው ግን 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር ነው። ሁለት ዓይነት ገንዘብ፣ በመካከላቸውም እንደ ቦታው የሚለዋወጥ ምንዛሪ አለ ማለት ነው። ይሄ ፋይናንስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ዛሬ በምንጠቀምበት መለኪያ ብናየው ግን ውጤቱ ዜሮ ነው።

ለምን? ሬይመንድ ጎልድስሚዝ የተባለው የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ የ35 አገሮችን መረጃ ከ1860 እስከ 1963 ሰብስቦ፣ የገንዘብ ተቋማት ያላቸውን ሀብት ከአገሪቱ ኢኮኖሚ ጋር አወዳደረ። በ1993 ሮበርት ኪንግና ሮስ ሌቪን 80 አገሮችን ይዘው ሥራውን አሰፉት። ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው መለኪያ ለግሉ ዘርፍ የተሰጠ ብድር ለጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ሲካፈል የሚገኘው መቶኛ ነው። የሚያየው ታዲያ ተቋም የመዘገበውን ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ የሚታይ ነገር ያገኘው በ1906፣ የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ነው ማለት ትችላላችሁ።

በማካፈሉ ውስጥ ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት ወጥመድ አለ። ብድር ልክ እንደ ግድብ ውኃ ነው፤ «ዛሬ ስንት አለ?» ብላችሁ ትለኩታላችሁ። ምርት ግን እንደ ጎጀብ ወንዝ ነው፤ «በዓመት ስንት ፈሰሰ?» ነው የሚባለው። ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት አገር ሁለቱን ዝም ብሎ ማካፈል ያሳስታል። በምሳሌ እንየው። የዓመቱ ምርት 100 ብር ይሁን፤ የብድሩ መጠን በዓመቱ መጀመሪያ 20፣ መጨረሻ ላይ 30 ብር፤ ዋጋ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ 30 በመቶ ጨመረ እንበል። የመጨረሻውን ብቻ ካካፈላችሁ 30 በመቶ ታገኛላችሁ። አሁን የዋጋ ንረቱን እናውጣለት፦ 30 ለ1.3 ሲካፈል 23 ገደማ ነው፤ ከ20 ጋር አማካዩ 21.5 ይሆናል። ምርቱንም በዓመቱ አማካይ ዋጋ፣ በ1.15፣ ስናካፍለው 87 ነው። መልሱ 25 በመቶ ገደማ መጣ። አገሩ ያው፣ ዓመቱ ያው፤ አምስቱ ነጥብ የት ሄደ? የዋጋ ንረቱና የዓመቱን መጨረሻ ብቻ መለካታችን የፈጠሩት ነበር።

ከፋ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ገንዘብ በዚያ ሰሞን ግርር ብሎ ይገባና ቀስ በቀስ ይወጣል። የበጀት ዓመቱ ግን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በዚያ ቀን ደብተሩን የከፈተ ሰው የሚያየው የክረምቱን ኪስ እንጂ የኅዳሩን አይደለም።

ሰፊ የገንዘብ አቅርቦትን ለምርት ማካፈል ደግሞ ሌላው የተለመደ መለኪያ ነው። እኔ ብዙም አላምነውም፤ ምክንያቱም ደርግ ነው። በጥር 1975 ባንኮች ተወረሱ፤ የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1994 ነው። በመካከሉ ይህ መቶኛ ከፍ እያለ ሄደ። ወረቀት ላይ ፋይናንሱ «ለማ»! የባንኩ ገንዘብ ግን በአብዛኛው የሄደው ወደ መንግሥትና ወደ መንግሥት ድርጅቶች ነበር። ቡናውን በአህያ ጭኖ ገበያ ለሚወጣው ገበሬ የዚያ ቁጥር ማደግ ምኑ ነው?

ስለዚህም ነው የዓለም ባንክ ከ2011 ጀምሮ ሰዎችን ራሳቸውን መጠየቅ የጀመረው፦ «ሒሳብ አለህ? አለሽ?» ኢትዮጵያ ውስጥ አለን ያሉት አዋቂዎች በ2014 22 በመቶ፣ በ2017 35 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ 46 በመቶ ነበሩ። ይሄ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ቢያንስ የሚቆጥረው ሰው ነው። ሆኖም ሒሳብ መክፈትና ብድር ማግኘት ለየቅል ናቸው። እቁብም እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ለአሥራ ሁለት ሰዎች በየተራ የሚደርሰው ብር ያለ ወለድና ያለ መያዣ የሚሠራ ብድር ነው፣ መዝገቡ ግን ከዳኛውና ከጸሐፊው እጅ አይወጣም።

በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ከባንክ ሌላ የካፒታል ገበያንም የሚቆጥር፣ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ የፋይናንስ ዕድገት መለኪያ አለው፤ በዚያ ሚዛን አክሲዮን መሸጥና መግዛት አሁን ነጥብ ያስገኛል። ቦንጋ ላይ እሸት ቡና የሚገዛው ነጋዴ ለገበሬው የከፈለውን ብር ከባንክ ተበድሮት ይሁን ወይ ከእቁቡ አውጥቶት፣ ያ ነጥብ አይነግራችሁም።