የድሮ ጌም በመቱ ሚዛን

የድሮ ጌሞችን መልሰው የሚጫወቱ የውጭ ጸሐፊዎች አንድ ጥያቄ ይወዳሉ፤ «ጌሙ አርጅቷል ወይስ አላረጀም?» መልሱን የሚሰጡት ግን መብራት በማይጠፋበት ሳሎን፣ ለብቻቸው ተቀምጠው ነው። እስቲ እኛ ጥያቄውን ወደ መቱ፣ ጎሬና በደሌ ጌም ቤቶች እንውሰደው።

እዚያ ሚዛኑ ሌላ ነው። ከመቱ ብዙም በማይርቀው የሶር ወንዝ ላይ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) 5 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ቢሠራም መብራት መሄዱ አልቀረም። ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ተጫዋቹ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል፤ ጌሙ እንግሊዝኛ ወይ ጃፓንኛ። ይህን ሁሉ የቻለ ጌም ነው አላረጀም የሚባለው።

ከካሴቱ ዘመን እንጀምር። ኒንቴንዶ ፋሚኮምን ጃፓን ውስጥ ያወጣው በ1983 ነው። እኛ ጋ የደረሰው ግን በአብዛኛው ርካሹ ቅጂ ነበር፤ ካሴቱ ላይ ሺህ ጌም አለ ይባላል፣ ሲቆጠር ያው ጥቂቱ ነው የሚደጋገመው። ሱፐር ማሪዮ (1985) በዚህ መንገድ መጣ። መጠኑ 40 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ካለች አንዲት ፎቶ ያንሳል። የደረሳችሁበትን አያስቀምጥም፤ መብራት ከሄደ እንደገና ከ ሀ ነው። ግን አንድም ቃል ሳታነቡ ትጫወቱታላችሁ፤ የመጀመሪያው ጠላት ሲነካችሁ መዝለል እንዳለባችሁ ይገባችኋል። ማሪዮ አላረጀም። ኮንትራም (1988) እንዲሁ፤ ሁለት ሰው ባንዴ ስለሚያጫውት ወረፋውን ያቃልላል።

ዳክ ሀንት (1984) ግን አልቆለታል። ጥፋቱ የጌሙ አይደለም፤ ሽጉጡ የሚሠራው ጀርባው ትልቅ በሆነው በድሮው ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ጠፍጣፋው ሲመጣ ዳክዬዎቹ ተረፉ።

ከዚያ ፕሌይስቴሽን 2 (2000) መጣ። የዊኒንግ ኢለቨን ሥዕል ዛሬ ሲታይ ያስቃል። ጨዋታው ግን በደቂቃዎች ያልቃል፣ ተሸናፊ ይነሳል፣ ባለተራ ይቀመጣል። ለጌም ቤት ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ሳን አንድሪያስ (2004) ደግሞ ታሪኩ ረጅም፣ እንግሊዝኛውም የሰፈር እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ታሪኩን ትተው ደብተር ላይ የገለበጡትን ኮድ እያስገቡ ታንክ መንዳት ያዙ። እንደ ታሪክ ወድቋል፤ እንደ መፈንጫ ሜዳ ግን ቆሟል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እስካሁን የያዝነው ሚዛን የወንዶች ነው። «ሴት አትግባ» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ አልተለጠፈም፤ ማንም የሚያውቀውን ማን ይለጥፋል? እኛ በር ላይ ቆም ብለን አይተን፣ ወደ ተላክንበት እንሄድ ነበር። ስለዚህ ፍርዱ ገና ግማሽ ነው።

የዛሬዎቹስ? ኮናሚ በ2021 የእግር ኳስ ጌሙን ስም ኢፉትቦል ብሎ ለውጦ ከኢንተርኔት የሚወርድ አደረገው። ኔትወርክ ለሌለበት ጌም ቤት እንዲህ ያለው ጌም ገና ሳይጀመር ያረጀ ነው። ባለ 40 ኪሎባይቱ ማሪዮ ግን የሚፈልገው መብራትና ቴሌቪዥን ብቻ ነው።

እንግዲህ አሮጌዎቹን ካሴቶች ቆራሌው ሳይሰበስባቸው ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ወንድማችሁን ብቻ ሳይሆን፣ በር ላይ ቆማ ታይ የነበረችውን እህታችሁንም።