ድምፅ ሲገለበጥ

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት አንድ መልእክት በወረቀት የተጻፈ አልነበረም፤ በሰም ሲሊንደር ላይ የተቀዳ ድምፅ ነበር። ቃላቸው ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ባዘዙት መሠረት ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱ በበኩላቸው ቀድተው የሰደዱት መልስ ግን ተርፎ ዛሬም ይሰማል።

ሰም መርፌ በነካው ቁጥር እየተፋቀ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ድምፅ ዕድሜ የሚያገኘው በጊዜው ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር በሸክላ ያስቀዱት ዘፈን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በሲዲ ሊደርሰን የቻለው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የዘመናችን ሰም ሞባይል ነው። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ በተኙ አሮጌ ስልኮች የአያት ተረት፣ የሟች አባት ምርቃት ተቀድቶ ይገኛል። አብዛኛው የተቀዳው ኤኤምአር በሚባለው ስልት ነው። ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ1999 ለሞባይል ንግግር መለኪያ ሆኖ የጸደቀ ሲሆን፣ የሚይዘው ከ200 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ለስልክ ወሬ ይበቃል፤ ለመሰንቆና ለክራር ግን አልታሰበም።

እኔ ዘንድ አያቴ በወንድሟ ለቅሶ ላይ ያወረደችውን ሙሾ የምትነግረኝ የስድስት ደቂቃ ቅጂ አለ። ክብደቱ 600 ኪሎ ባይት አይሞላም። በጆሮ ማዳመጫ ሳዳምጠው «ሰ»ዋ ከ«ፈ»ዋ አይለይም፤ የሁለቱ ልዩነት ያለው በአብዛኛው ስልኩ ቆርጦ በጣለው ከፍተኛ ድምፅ ውስጥ ነውና።

ሞባይል ቤት ሄዶ ወደ ኤምፒስሪ ማስለወጥ የተለመደ ነው፤ ብዙ ማጫወቻ ኤኤምአርን አይከፍትምና። በ128 ኪሎ ቢት የተለወጠው ፋይል ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ያህል ይገዝፋል። ባለቤቱም ድምፁ የጠራ ይመስለዋል። አልጠራም። የተቆረጠው ተቆርጧል፤ እንዲያውም ኤምፒስሪ ራሱ ጆሮ አይለየውም ያለውን ስለሚጥል፣ ከጎደለው ላይ ሌላ ይጎድላል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ከተለወጠ በኋላ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ዋናው መደምሰሱ ነው።

ስለዚህ ዋናው እንዳለ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ለማኅደር የሚሆነው ምንም ወደማይጥለው ወደ ዌቭ ይገልበጥ፤ ኤምፒስሪው ለወዳጅ ዘመድ መላኪያ ይሁን። የገጠሩን ሙሾና ፉከራ ነገ የሚያጠና ሰው የሚሻው የመጀመሪያውን ቅጂ ነው። ቪክቶሪያ ድምፃቸውን ያስጠፉት አስበውበት ነው። እኛ የምናጠፋው ግን ሳናስብ ነው።