ከቀኝ የሚጀምር ሠንጠረዥ

ሩሰይል ከአሮጌው ሙስካት በስተምዕራብ፣ ከሙስካት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሀል አገር ገባ ብሎ፣ በኒዝዋ መንገድ ላይ የሚገኝ ሜዳ ነው። የኦማን የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ መንደር በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው እዚህ ነው (ቀጥሎ የሚነሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1986 የሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው፣ አል ኹድ ላይ ተከፈተ። በ2003 ደግሞ የኮምፒውተርና የመገናኛ ድርጅቶች የሚሰባሰቡበት ኖሌጅ ኦኤሲስ ሙስካት ሥራ ጀመረ፤ ስሙ የዕውቀት ምንጭ በበረሃ እንደማለት ነው። ፋብሪካ፣ ዩኒቨርሲቲና የሶፍትዌር መንደር በሃያ ዓመት ውስጥ ጎረቤት ሆኑ። ሦስቱም ውለው የሚያድሩት ከሠንጠረዥ ጋር ነው፤ የመጋዘን ቆጠራ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የተማሪ ውጤት ሁሉም ረድፍና ዓምድ ነው።

በስክሪን ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን የተወለደው ሌላ አገር፣ ለሌላ ፊደል ነው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጡት ቪዚካልክ የሒሳብ ባለሙያውን ወረቀት ወደ ስክሪን አመጣው፤ በ1985 ኤክሴል በማኪንቶሽ ላይ ተከተለ። የተበላሸ ሠንጠረዥ ለሚጠግን ባለሙያ ከሁለቱም ይልቅ የጠቀመው በ1970ዎቹ መጨረሻ ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ያሰበው ሐሳብ ነው፦ መረጃው አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ማሳያው ሌላ ቦታ ይሁን። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዥ ሲበላሽ የባለሙያው የመጀመሪያ ጥያቄ የተበላሸው መረጃው ነው ወይስ ማሳያው የሚል ሆነ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ማሳያው ነው፤ የተጠቃሚው ጥርጣሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ መረጃው ላይ ያርፋል።

በ1998 መጨረሻ ከጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ 1.2 እትም ጋር የወጣው የሠንጠረዥ ማሳያ ጄቴብል የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፤ በየአገሩ ያሉ ጀማሪዎችንም በተመሳሳይ መንገድ አስጨንቋል። ሠንጠረዡ በመሸብለያ ሳጥን ውስጥ ካልተቀመጠ የዓምዶቹ ራስጌ አይታይም፤ ራስጌውን ተቀብሎ ከላይ የሚያስቀምጠው ሳጥኑ ነውና። ፕሮግራሙ መረጃውን ቀይሮ ለሠንጠረዡ ካላሳወቀ ደግሞ የድሮው ዋጋ ተጽፎ ይቆያል፤ መስኮቱ ሲለጠጥ ወይም ሲጠበብ እንደገና ስለሚሳል አዲሱ ብቅ ይላል። ይህን ያየ ሰው ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጥፋቱ ግን ያልተላከው መልእክት ነው።

ኦማን ላይ የራሷ የሆነ ችግር ይጨመራል። የመንግሥቱ ቋንቋ ዐረብኛ ነው፤ በየቢሮው ግን እንግሊዝኛ አብሮ ይሠራል። ስለዚህ አንዱ ሠንጠረዥ ሁለት አቅጣጫ ይኖረዋል። ዐረብኛው ሲመረጥ የመጀመሪያው ዓምድ ወደ ቀኝ ዳር ይሄዳል፣ መሸብለያው ወደ ግራ ይዛወራል፣ ሠንጠረዡ በመስተዋት እንደታየ ይገለበጣል። ዊንዶውስ ይህን መገልበጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በራሱ ማከናወን ጀመረ፤ ጃቫም ለእያንዳንዱ የመስኮት ክፍል አቅጣጫ የሚነገርበት መንገድ አለው። ለውጪው መስኮት ነግሮ ለውስጡ ሠንጠረዥ የረሳ ፕሮግራመር ርዕሱ ከቀኝ፣ ዓምዱ ከግራ የሚጀምር መዝገብ ያስረክባል።

ከዚህ የሚከፋው በአንዲት ሕዋስ ውስጥ የሚደርሰው ነው። ዐረብኛ ፊደሉን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቁጥሩን ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ማን ማንን እንደሚከተል የሚደነግገው የዓለም አቀፉ የፊደላት መስፈርት የዩኒኮድ ሕግ ነው። 12-345 የተባለ የዕቃ ቁጥር ለብቻው በሕዋስ ውስጥ ሲቀመጥ ምንም አይሆንም። ከፊቱ የዐረብኛ ቃል ከገባ ግን ሰረዙ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል እንደ ተራ ምልክት ስለሚቆጠር 345-12 ሆኖ ይታያል። ዲስኩ ላይ የተቀመጠው አልተነካም፤ ዕቃውን ከመደርደሪያ የሚያወርደው ሠራተኛ ግን የሚያነበው ስክሪኑን ነው። የቆየው መድኃኒት ከቁጥሩ አጠገብ የማይታይ የአቅጣጫ ምልክት ማስገባት ነበር። በ2013 የወጣው ዩኒኮድ 6.3 ቁጥሩን ከአካባቢው ነጥለው የሚያጥሩ ምልክቶችን ጨመረ፤ የተሻለው መፍትሔም ይህ ነው።

የኦማን ገንዘብም የራሱ ጣጣ አለው። ሪያል ከ1970 ጀምሮ በ1,000 ባይሳ ይመነዘራል፤ ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ይፈልጋል። ለዶላርና ለሳንቲም ሁለት አኃዝ ብቻ እንዲያሳይ የተሠራ ዓምድ ወደ ላይ የሚያጠጋጋ ከሆነ 0.125 ሪያልን 0.13 ያደርገዋል። እንዲህ ያሉ ስምንት ረድፎች ሲደመሩ ፕሮግራሙ በትክክል 1.00 ይላል፤ በጣቱ የሚደምረው ሒሳብ ሹም 1.04 ያገኛል። ጄቴብል ሳይነካ ሲተው ሦስቱን አኃዝ ያሳያል፤ የመጨረሻዋን ዜሮ ግን ስለሚጥላት 1.250 ወደ 1.25 ያጥራል፣ ነጥቦቹም በአንድ መስመር መሰለፋቸው ይቀራል። የዓምዱን አጻጻፍ በግልጽ መወሰን ካልሆነ በቀር ለዚህ ሌላ መላ የለውም።

በዚያው በ2013፣ ከሜይ 1 ጀምሮ፣ ኦማን የሳምንት ዕረፍቷን ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ አዛወረች። የዕረፍት ቀን ዓምዶችን በኮድ ውስጥ በቁጥር አስሮ የሚያቀልም የሥራ ሰዓት ሠንጠረዥ በማግስቱ ይሳሳታል፤ ቀኖቹን ከቅንብር የሚያነብ ግን አንድ መስመር ከተለወጠለት ይበቃዋል።

የአማርኛ ሠንጠረዥ ሕመም ሌላ ዓይነት ነው። ግዕዝ እንደ ላቲን ከግራ ስለሚጀምር መስተዋት አያስፈልገውም፤ ይልቅስ ለረጅም ጊዜ ያጣው የሚቀመጥበትን ቦታ ነበር። የቀድሞዎቹ ስምንት ቢት ፎንቶች ከ256 በላይ ቦታ ስለሌላቸው ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ያካፍሉት ነበር። በጽሑፍ ገጽ ላይ ይህ ይሠራል፤ ለዓምዱ ሁሉ አንድ ፎንት ብቻ በሚቀበል ሠንጠረዥ ውስጥ ግን የሰው ስም ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የላቲን ፍርፋሪ ሆኖ ይወጣል። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ቦታ ሰጠ፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋርም ኒያላ የተባለው ፎንት መጣ፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ባዶ ሳጥን እየቀነሰ ሄደ። ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲወጣ ግን ኒያላ ተጠቃሚው ፈልጎ የሚጭነው ተጨማሪ ሆነ። ኒያላን በስም የሚጠራ የቆየ ፕሮግራም ሲከፈት ስርዓቱ በምትኩ ኤብሪማ የተባለውን ፎንት ያቀርባል፤ ፊደሉ ይታያል፣ ስፋቱና ቁመቱ ግን ስለሚለይ በኒያላ ልክ የተሰፉት ዓምዶች ይጠባሉ፣ የረድፉም ጠርዝ የፊደሎቹን እግር ሊቆርጥ ይችላል።