ሂመልስበርያ፤ የአንዲት የደሴት መንደር የርስት ሥርዓት

ሂመልስበርያ በባልቲክ ባሕር ውስጥ ባለችው በስዊድን ደሴት በኧላንድ የምትገኝ ትንሽ የገበሬዎች መንደር ናት። ደሴቲቱ 137 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖራት፣ ወርዷ በሰፊው ቦታ እንኳ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መንደሯ በምሥራቁ በኩል በሎንግለት ሶከን ውስጥ ትገኛለች። ሶከን ማለት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበ አጥቢያ ሲሆን፣ ብዙ ሶከኖች በአንድነት ሄራድ የተባለውን ወረዳ ያቆሙ ነበር፤ ሎንግለትም የሩንስቴን ሄራድ ክፍል ነበረ።

የሂመልስበርያ ቤቶች በአንድ መንገድ ዳር በተርታ ቆመዋል። ተመልካች ተርታውን ለመንገዱ ምቾት የተሠራ ሊያስመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የኧላንድ ተርታ መንደሮች መልካቸውን ያገኙት ከርስት ሕግ ነው። በመካከለኛው ዘመን በስዊድን «ሶልሺፍተ» የተባለ አከፋፈል ተደነገገ፤ ትርጓሜውም «በፀሐይ መከፋፈል» ማለት ነው። በ1296 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የጸደቀው የኡፕላንድ ሕግ ይህን ሥርዓት ይዞ ይገኛል። በዚህ ሥርዓት የቤት ቦታው ወርድ ባለቤቱ በመንደሩ ያለውን ድርሻ ያመለክታል፤ በየማሳውም የሚደርሰው ቁራሽ መሬት የፀሐይን አካሄድ ተከትሎ እንደ ቤቶቹ ተራ ይመደባል። ስለዚህ በቤት ጎረቤት የሆነ ሰው በእርሻም ጎረቤት ነበረ።

ቁራሾቹ እርስ በርሳቸው የተደባለቁ ስለ ሆኑ ማንም ብቻውን በፈቀደው ጊዜ ሊያጭድ ወይም ከብቱን ሊለቅ አይችልም ነበር። አጥሩም ግጦሹም የወል ነበረ። ይህን የሚያስተዳድረው በመንደር አለቃ የሚመራው የገበሬዎች ማኅበር ነበር፤ መንግሥትም በ1742 ለመንደሮች ሁሉ አርአያ የሚሆን የመተዳደሪያ ደንብ አወጣ።

የኧላንድ ገበሬ ሌላም ቀንበር ነበረበት። በ1569 ንጉሥ ዮሃን 3ኛ ደሴቲቱን በሙሉ የንጉሥ አደን ስፍራ ስላደረጋት፣ ገበሬው እህሉን የሚበላውን አጋዘን እንዳይገድል ተከለከለ። ውሻ ማኖር የሚፈቀድለትም የእንስሳው አንድ እግር ከተሰናከለ በኋላ ነበር። ክልከላው እስከ 1801 ድረስ ጸና።

የመንደሩን አንድነት የፈታው ግን ሌላ ሕግ ነው። በ1827 የወጣው «ላጋ ሺፍተ» የተባለው አዋጅ አንድ ባለ ድርሻ ብቻ ቢጠይቅ እንኳ የመንደሩ መሬት እንደ ገና እንዲከፋፈልና የየሰው ድርሻ በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ፈቀደ። በብዙው የስዊድን አገር ቤቶች እየፈረሱ ወደየአዲሱ ርስት ተዛወሩ፤ መንደሮችም ተበተኑ። የእርሻው ምርት ቢጠቀምም የጥንቱ ጉርብትና ተጎዳ። በኧላንድ ግን ብዙ መንደሮች በቀድሞ ስፍራቸው ቀሩ፤ በሂመልስበርያም ተርታው ሳይፈርስ ዛሬ የቤተ መዘክር ክፍል ሆኗል። ሆኖም በደሴቲቱ ዛሬ የሚታዩት ብዙዎቹ የድንጋይ ካቦች የአዲሱን ክፍፍል ድንበር የሚያሳዩ እንጂ የጥንቱን ድርሻ የሚያስታውሱ አይደሉም።

እንግዲህ ቤቶቹ ቢቆሙም፣ ቤቶቹን በተርታ ያቆመው ስምምነት አልፏል። መንደርን የሚያጠና ሰው ግድግዳና ጣራ ብቻ ቢመረምር ቅርፊቱን አግኝቶ ፍሬውን ይስታል። በስዊድን ከ1628 ጀምሮ የመንግሥት ቀያሾች የነደፏቸው የመንደር ካርታዎች ይህን ጉድለት ይሞላሉ፤ ማን ከማን አጠገብ ያርስ እንደ ነበረ የሚገልጹት እነርሱ ናቸውና።