አይጦቹና ያቺ ክፍል

ማርክ ቡተንና ሮበርት ቦልስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት አይጦችን በአንድ ሣጥን ውስጥ በኤሌክትሪክ እየነዘሩ አንድን ምልክት እንዲፈሩ አስተማሯቸው። ቀጥለው በሌላ ሣጥን ምልክቱን ያለ ንዝረት ደጋገሙላቸው፤ ፍርሃቱ ለቀቃቸው። ወደ መጀመሪያው ሣጥን ሲመልሷቸው ግን አገረሸ። በዚያ ሣጥን ውስጥ ፍርሃቱ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

እኔም ቡታጅራ ማስተማር ስጀምር አርጩሜ ይዤ ነበር የምገባው። በኋላ ጣልኩት። ባለፈው ወልቂጤ መናኸሪያ ያገኘሁት የድሮ ተማሪዬ ሻይ ጋብዞኝ፣ «ቲቸር፣ አሁን እርስዎን አልፈራም። ያቺን ክፍል ግን በመስኮት ሳያት እንኳ እጄን ያልበኛል» አለኝ።

ለካ እኔ ብጥለውም ክፍሉ አልጣለውም። ተማሪዎቼ፣ ይቅር በሉኝ።